ያልደወልኩት ስልክ

ውድ አዳነች፣

ሰላምታ ላስቀድም ብዬ ብዕር አነሣሁና እጄ ቆመ። ለሞተ ሰው እንዴት ነሽ አይባልም። ካረፍሽ ሰባት ወር ሞላሽ። የተቀበርሽበት ቤተ ክርስቲያን ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤቴ በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም ከበሩ ተመለስኩ። ቆሜ የምናገረው ነገር ስላልሆነ እጽፍልሻለሁ። ኦሮምኛውን ከእኔ እኩል ታውቂው ነበር፤ ቢሆንም በእናትሽ ቋንቋ ልንገርሽ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ቃል ጠፋኝ ብዬ የማመካኝበት የለኝም።

የተዋወቅነው ልጆቻችን የባሕር ኃይል ጠላቂ ለመሆን ሥልጠና የገቡ ሰሞን ነው። ስልካቸው ተሰብስቦ እሑድ እሑድ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ሲፈቀድላቸው፣ አቶ አሳምነው የሚባሉ የአንድ ሠልጣኝ አባት ወላጆችን በቴሌግራም ሰበሰቡን። አርባ አንድ ነበርን። ከጂንካ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከጋምቤላ፤ ዐይን ለዐይን ተያይተን የማናውቅ ሰዎች። አንዱ «ዛሬ ወደ ሐይቁ ገቡ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «በዱዓ ያዟቸው» ይላል፣ ሌላዋ መዝሙር ትለጥፋለች። እኔ እጽፍ ነበር። አንቺ ግን «ፊደል ለቅሜ እስክጨርስ ይመሽብኛል» እያልሽ ድምፅ ነበር የምትልኪው። የመጀመሪያው ድምፅሽ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። «እኔ የአንገርን ወንዝ እንኳ የምሻገረው ዐይኔን ጨፍኜ ነው፤ ይሄን ልጅ ከየት ወለድኩት እቴ?» ብለሽ ነበር። በፍርሃት የከረመ ሰው ሁሉ ያን ቀን ሳቀ።

ከዚያ የእኔ ሮቤራና የአንቺ ጫንያለው ጥንድ ሆነው መመደባቸውን ሰማን። ሁለቱ በአንድ ገመድ ተያይዘው ይወርዳሉ፤ አንዱ ቢቸገር ገመዱን ይስባል፣ ሌላው ይደርስለታል። «የወለጋ ልጆች» ይሏቸዋል አሉ። አንቺ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነሽ፣ እኔ የነቀምቴ ኦሮሞ። በመካከላችን ያለው መንገድ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ቢከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል። እዚህ ስለ እናንተ የሚወራው ደግ አልነበረም፤ እዚያም ስለ እኛ እንደዚያው። አንቺ ግን ጠዋት ጠዋት ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥተሽ «አካም ቡልቴ፣ ሃዳ ሮቤራ» ትዪኛለሽ፤ እንዴት አደርሽ የሮቤራ እናት ማለትሽ ነው፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ» እልሻለሁ። አንቺ በእኔ ቋንቋ፣ እኔ ባንቺ።

ያልነገርኩሽ ነገር ነበር። ሮቤራ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ወድቆ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። በእኛ አገር ቤት የዋለ ወጣት ምን እንደሚጠብቀው ታውቂያለሽ፤ ወይ አንዱ ይወስደዋል፣ ወይ ሌላው ይጠረጥረዋል። አብሮት ያደገው የጂሩ እናት ልጇ ይኑር ይሙት እስከ ዛሬ አታውቅም። ስለዚህ ሮቤራ ሲመረጥ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። በኋላ ግን በአንዱ እሑድ፣ ጥንዱ የጎደለበት ሠልጣኝ ወደ ቤቱ ተመልሶ ቀጣዩን ዙር እንደሚጠብቅ ነገረኝ። እንደ ቀላል ወሬ ነበር የነገረኝ። እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ከዚያ ወዲያ ለጫንያለው የጸለይኩት ጸሎት ሁሉ ለሮቤራ ነበር።

ጥቅምት ላይ በቆላው ወባ በረታ። «ራሴን ብቻ ነው፣ ክኒን ውጫለሁ» ብለሽ ላክሽልኝ። በማግስቱ ድምፅሽ ቀጠነ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ዝም አልሽ። መንገዱም ተዘግቶ ነበር። በዐሥረኛው ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«አብይ እባላለሁ፤ የአዳነች ጎረቤት ነኝ። መንገዱ ለአንድ ቀን ሲከፈት ነቀምቴ ሆስፒታል አድርሻታለሁ። እዚህ የምናውቀው ሰው የለም። እርስዎን ጥራ አለችኝ።»

ሻይና ገንፎ ይዤ መጣሁ። ድምፅሽን ባልሰማ ኖሮ አልፌሽ እሄድ ነበር። ከድምፅሽ ተነሥቼ ወፍራም፣ ረጅም ሴት አድርጌ ስዬሽ ነበር፤ አልጋው ላይ ያገኘሁት አንድ ፍሬ ሰው ነው። ዐይንሽ ቢጫ ሆኗል። «ሃዳ ሮቤራ፣ እንዲህ ሆኜ አየሽኝ» ብለሽ አፈርሽ። ግንባርሽን ሳምኩሽና አጠገብሽ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ትንሽ ገንፎ ቀመስሽ፤ ስለ ልጆቹ እያወራን ዋልን።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አብይ መስኮቱ ሥር ቆሟል። እጄን ያዝሽኝ።

«ድርቤ» አልሽኝ። እስከዚያ ቀን በስሜ ጠርተሽኝ አታውቂም። «ድምፁን አሰሚኝ። ይምጣልኝ አልልም። ድምፁን ብቻ።»

«እሺ» አልኩሽ።

ለክፉ ቀን ተብሎ ለወላጆች የተሰጠ የማሰልጠኛው ቢሮ ቁጥር ነበር፤ አቶ አሳምነው ሁላችንንም መዝግቡት ብለውናል። በረንዳው ላይ ወጥቼ ቁጥሩን አወጣሁት። ኔትወርኩ ሙሉ ነበር። አብይ ተከትሎኝ ወጥቶ ከጎኔ ለወንድሙ ደወለ፤ ተነሣለት፣ አወራ፣ ዘግቶ ገባ። እኔ ስልኬን ይዤ ቆሜያለሁ። ብደውል ምክንያቱን ይጠይቁኛል፤ እናቱ ታማለች ስል ፈቃድ ይሰጡታል፤ ልጅሽን አውቀዋለሁ፣ በዚያው ሰዓት ይነሣል። ሥልጠናው ሊያልቅ ሰባት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። ሮቤራ ሻንጣውን ይዞ በበሬ ሲገባ ታየኝ። ወባ ነው፣ አልኩ ለራሴ፤ ሰው ከወባ ይነሣል፤ ስትድን ነግሬያት እንስቃለን። ቁጥሩን መልሼ አጠፋሁት።

ገባሁና «ኔትወርክ የለም፣ አዳነች» አልኩሽ።

«አብሽሪ» አልሽኝ፤ «ነገ ይገኛል።» ያዘንኩ መስሎሽ እጄን ደባበስሽው። አብይ ቀና ብሎ አየኝና ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ጠዋት ፈተና ማስፈተን ነበረብኝና ትምህርት ቤት ሄድኩ። አራት ሰዓት ላይ አብይ ደወለ። «አለቀ» ብቻ ነው ያለኝ። ወደ አንገር ጉቲን እንዳንወስድሽ መንገዱ ተመልሶ ተዘግቷል፤ እዚሁ ቀበርንሽ። ዘጠኝ ሰው ነበርን። አምስቱ የእኔ ጎረቤቶች ናቸው፤ ከእነሱም ሦስቱ ስምሽን እንኳ አያውቁም።

በዚያው ቀን ለቡድኑ ጻፍኩ። ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ቡድኑ በልቅሶ ተሞላ። ከዚያ ለልጁ ይነገረው አይነገረው የሚል ጥያቄ መጣ። «አእምሮው ተከፍሎ ውሃ ውስጥ ቢወርድስ» አልኩ እኔ፤ ስጽፈው እውነት ይመስል ነበር። ብዙዎቹ ተስማሙ። አቶ አሳምነው ብቻቸውን እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «እናንተ ብትሞቱ ልጃችሁ በሰባተኛው ሳምንት እንዲሰማ ትፈልጋላችሁ? እኔ አልፈልግም።» በማግስቱ ከቡድኑ ወጡ። ለእኔ ግን «ሸክሙን ብቻሽን የተሸከምሽ ጀግና እናት» እያሉ አበባና ልብ ላኩልኝ። አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም ልንገርሽ።

እሑድ ጫንያለው ደወለ። «እትዬ ድርቤ፣ የእማዬ ስልክ አይሠራም።»

«መስመሩ ተቋርጧል ልጄ። ሰው መጥቶ ነግሮኛል፣ ደህና ናት። ሰላም ብላሃለች።»

«ወባው ሲበረታ ሰማሁ፤ አጎበር ትጠቀማለች?»

«ትጠቀማለች» አልኩት።

ሰባት እሑድ እንዲህ አልኩት። በአራተኛው ላይ «በርትተህ ጨርስ ብላሃለች» የሚል ጨመርኩ። ደስ ሲለው በድምፁ ያስታውቅ ነበር። ልጅሽን በአፍሽ ሳነጋግረው እንደኖርኩ ይኸው ዛሬ ነገርኩሽ።

በታኅሣሥ አጋማሽ ሁለቱም ተመረቁ። ጫንያለው መጀመሪያ ነቀምቴ፣ ከዚያ መንገዱ ከተከፈተ ወዳንቺ ሊሄድ ከሮቤራ ጋር መጣ። ማታ ራት ላይ ከውሃ ሥር የተነሣውን ቪዲዮ አሳየኝ፤ «እማዬ ይሄን ስታይ ትጮኻለች» አለ። በላ፣ ተኛ። መርዶ በጠዋት ነው፤ መንገዱ በተከፈተ ቀን አብይን አስመጥቻለሁ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ዋቅወያም መጥተዋል። ጫንያለው ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ሰው ተቀምጦ አየ። ከሁሉም አብይን አየ። የነገረው ሰው የለም፤ ገባው።

ብዙ ካለቀሰ በኋላ መጥቶ ፊቴ ተቀመጠ። «መቼ ነው?»

«ጥቅምት ሃያ ስምንት።»

በጣቱ ቆጠረ። «ሰላም ብላሃለች ያሉኝስ?»

ሮቤራ ከበሩ ሥር ያየኛል። ጫንያለው ግን አልተቆጣም። ብቻ ቀና ብሎ ጠየቀኝ፤ «ስትሞት ጠርታኛለች?»

አዳነች፣ በዚያች ሰዓት ልነግረው እችል ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰዓት አላገኘሁም።

«ራሷን አታውቅም ነበር» አልኩት።

ትንፋሹን ለቀቀው። «እንግዲያው እየጠበቀችኝ አልሞተችም» አለ። «እሱን ነበር የፈራሁት።» አብይ አንገቱን ደፍቶ መሬቱን ያያል።

አብይን በር ድረስ ሸኘሁት። ለብቻችን ስንሆን እንዲህ አለኝ፦ «እኔ አልናገርም፣ እትዬ። ልጁ አሁን ያለው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎንም ካሳጣሁት ምን ይተርፈዋል?» እጁን ሳይዘረጋልኝ ሄደ። ስደውልለት አያነሣም።

ልጠብቀው ብዬ የዋሸሁለት ጥንድነት ደግሞ አንድ ወር አልቆየም። ሮቤራን ወደ አንድ ቦታ፣ ጫንያለውን ወደ ሌላ መደቧቸው፤ አሁን ሮቤራ የሚወርደው ስሙን ከማላውቀው ልጅ ጋር ነው። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ልጄ ሲያወራኝ ዐይኔን አያይም። «አንቺን ብሆን እኔም እንዲህ አደርግ ይሆናል እማ፤ ግን ስትታመሚ ማን ይነግረኛል?» አለኝ አንድ ቀን። የቡድኑ ኃላፊ አሁን እኔ ነኝ። አዲስ የገቡ ሠልጣኞች እናቶች ይጽፉልኛል፤ አይዟችሁ እላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ «ቤት ውስጥ ሰው ቢታመም ለልጆቹ መንገር ነው ወይስ መደበቅ?» ብላ ጠየቀች። «በዚያው ሰዓት ንገሯቸው» ብዬ ጻፍኩ። «ያኔ እርስዎ ደብቀው አልነበር?» አለችኝ ከነባሮቹ አንዷ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ለፓስተሬ ልናዘዝ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የምናዘዘው ስለ ሰባቱ እሑዶች ብቻ ነው፤ የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ስደርስ አቆማለሁ። ስለ እሑዶቹ «ለመልካም ነው» ይለኛል። እመለሳለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ባለፈው እሑድ ስለተደወለልኝ ነው። ጫንያለው ነበር። ከሰላምታ በኋላ ትንሽ ተንተባተበ።

«የተጠሪ ቅጽ እንደገና ሙሉ ተባልን። ውሃ ላይ አንድ ነገር ብሆን የሚደወልለት ሰው። የእማዬ ስም ነበር የተጻፈው። እሱን አሰርዤ የእርስዎን ላስጽፍ? ይፈቅዱልኛል?»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እምቢ ብለው ማንን ያስጽፋል? «እሺ» አልኩት።

ከዚያ «እግዜር ይስጥሽ፣ እማዬ» አለኝ። ያን ያህል ጊዜ እርስዎ ሲለኝ የኖረ ልጅ።

እንግዲህ ስምሽ ተሰርዟል፣ በቦታው የእኔ ተጽፏል። ይቅርታ አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽ ይቅር ትዪኝ ነበር፤ ያንን መሸከም አልችልም። እነግረዋለሁ ብዬም ቃል አልገባልሽም፤ ራሴን አውቃለሁና ሌላ ውሸት አልጨምርብሽ። ቢሮው የሚደውልበት ቀን ከመጣ ግን፣ ባስተምርም ብታመምም አነሣዋለሁ። ላንቺ የምገባው ቃል ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

እረፊ፣ እህቴ።

ድርቤ
የሮቤራ እናት፣ አሁን ደግሞ በወረቀት ላይ የጫንያለው