ተራ ያልደረሰው ፎቶ

ወንጌል፣ እንዴት ከርመሻል?

መተማ እንደ እሳት ትፋጃለች፤ እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። አብረን የነደፍነውን የኢንተርኔት ደንብ ታስታውሺያለሽ? የማያስቸኩለው ፋይል ሰው ሲነጋገር ቆሞ ይጠብቅ፣ መስመሩ ሲያርፍ ይለፍ ያልነውን? ጎንደር ላይ መስመሩ ስለሚያርፍ ሸጋ ሠርቶ ነበር። እዚህ ግን የሰሊጥ አጨዳ ነው፤ ነጋዴው ቀን ከሌት በዋጋ ይጯጯሃል፣ ቀጭኗ መስመር ለአፍታም አታርፍም።

የጤና ጣቢያውን ፎቶዎች ደግሞ አለቆቹ የማያስቸኩሉት ውስጥ ከተዋቸዋል። ነርሷ ሰርክአዲስ የሽመክትን የካላዛር በሽታ ምርመራ ፎቶ አንስታ ጎንደር ላለው ሐኪም ላከች። ሽመክት ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ ሰው ነው። ሐኪሙ ካላረጋገጠ መርፌውን መጀመር አይፈቀድላትም። ፎቶው ግን ንቅንቅ አላለም። የደንቡ ቁልፍ በመስመሩ ኃላፊ እጅ ነውና ቅድሚያ እንዲሰጠው ለመንኩት።

«ነጋዴው መስመር ሲቆረጥበት እኔ ላይ ይጮኻል» አለኝ። «በሽተኛ መቼ ጮኾብኝ ያውቃል?»

ሰርክአዲስ መጠበቁ ሲያቅታት ሽመክትን ሰሊጥ በጫነ መኪና ወደ ጎንደር ይዛው ወጣች። የኮኪትን ከተማ እንዳለፉ እጇ ላይ ዐረፈ። ፎቶው በማግስቱ ደረሰ፤ ሐኪሙም «መድኃኒቱ እናንተው ጋ አለ፣ ዛሬውኑ ጀምሩለት» ብሎ መለሰ።

የመስመሩ ሥራ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል ብለህ ፈርም ቢሉኝ እምቢ ብያለሁ። ሥራ ፈትቼ ብመጣ አትደንግጪ። የእማማ ውዴን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም እቀፊልኝ። የምጽፍባት ፖስት ካርድ ሞላች።

ማተቤ