ለእኔ የተጻፈው ካርድ

ሰኞ

ጥርሴን አሞኛል ብዬ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወሰድኩ። ጥርሴ ደህና ነው። ኑኑ ቁምባ ድረስ በሚኒባስ የሄድኩት ለመመርመር ነው። ነቀምቴ ጤና ጣቢያ ደም የሚቀዳው ልጅ ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አንዱ ነው። ሐሙስ ከእጮኛዬ ከገመቹ ጋር እዚያ ሄደን የሠርግ ምርመራ ወረቀት እናወጣለን። ያለ ወረቀቱ የተጋቢነት ስማችን ለጉባኤው አይነበብም፤ ሠርግም የለም። ቀድሜ ልወቅ ብዬ ነው።

ኤችአይቪ፦ የለም።
ቂጥኝ፦ አለ።
እርግዝና፦ የለም።

«አይዞሽ ኦቦሌቲ፣ አይዞሽ እህቴ፣ ይድናል» አለችኝ ነርሷ። ወጋችኝ። በሳምንት አንድ፣ በጠቅላላ ሦስት መርፌ ነው። ፍቅረኛዬም እንዲታከም የሚጠራ ካርድ ሰጠችኝ። ታዲያ ሐሙስ ስመረመር አይታይም? አልኳት። ይሄ ምርመራ ከዳንሽም በኋላ ያሳያል አለች። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። መናኸሪያው ጋ ሙዝ ገዝቼ በላሁ።

ማክሰኞ

የተወጋሁበት ስላመመኝ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። መምህራኑ «ጥርስሽስ?» ይሉኛል። ሦስት ሰው ቅርንፉድ ሰጠኝ።

ከገመቹ በፊት አንድ ሰው ነበረ፣ ኮሌጅ ሳለሁ። ለገመቹ ነግሬው አላውቅም። ከገመቹም ጋር ሠርጉን አልጠበቅንም፤ ይሄንን ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ አያውቅም። ከኮሌጁ ሰው ነው የያዘኝ። ገመቹን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።  የሌላ ሰው ጉዳይ የምጽፍ ይመስለኛል።

ረቡዕ

ነገርኩት። ቆርቆሮ ከሚሸጥበት ሱቅ ጓሮ ወስጄ። «ከማን?» ሲለኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀኝም! ካርዱን ኪሱ ከተተና «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለ። ደንበኛ ጠራው፣ ሄደ። ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው አልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ምንም አልተሰማኝም።

ሐሙስ

የመዘምራኑ ልጅ ደማችንን ቀዳ። ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም፣ ሥራውን ነው የሠራው። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት በከንቱ ነው።

ሲስተሯ ውጤቱን አብረን እንስማ እንደሆነ ጠየቀችን፤ እሺ አልን። የሁለታችንም አንድ ነው፤ ቂጥኝ አለ። ገመቹን ከዚህ በፊት ለዚህ ታክሞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ኤዬ» አለ። «አዎ፣ ክረምት ላይ። ሦስቱንም ተወግቻለሁ።»

«ለእሷ የሚሆን ካርድ አልተሰጠህም?»

የኪስ ቦርሳውን አወጣ። ከመታወቂያው ኋላ የታጠፈ ካርድ ነበረ፣ ጠርዙ ያለቀ። የአንገር ጉቲን ጤና ጣቢያ ማኅተም አለበት። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው የሰፈሩበት፣ እኔ የተወለድኩበት ቦታ። እኔ ኑኑ ቁምባ ስሸሽ እሱ እናቴ ደጅ ሄዶ ተደብቋል።

«ትተዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ፣ መሲ።»

እሷ ሳትታከም አንተ ብቻ ብትወጋ ምን ዋጋ አለው አለችው ሲስተሯ። እንደገና ወጋችው፤ ወረቀቱንም ሰጠችን። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሰንጠረዥ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ።

ዓርብ

መጀመሪያ ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ሲስተሯም ይሄንን የደም ምርመራው አይናገርም ብላለች። እኔም የኮሌጁን ሰው ደብቄዋለሁ። እኩል ነን ልል ሞከርኩ። አይደለንም። እሱ የደበቀው የእኔን በሽታ ነው፣ ያውም ካርዱን ኪሱ ይዞ ከጎኔ እየተቀመጠ። ስድስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። የተማሪዎቹን ደብተር አርሜ ጨረስኩ።

ቅዳሜ

ስም የሚያስነብቡት ሽማግሌ፣ ኦቦ ዳባ፣ ጠዋት ደወሉ።

«አካም ቡልቴ፣ መሠረት? ወረቀቱ ደረሰ ወይ? ነገ ላስነብብ።»

«ደርሷል። ግን ነገ አይነበብ።»

«ታዲያ ለመቼ ላድርገው?»

«አላውቅም፣ ኦቦ ዳባ። ሳውቅ እኔው እነግርዎታለሁ።»

 «እሺ ልጄ» ብለው ዘጉት። ስልኩን ሳስቀምጥ እንባዬ መጣ። ከሰኞ ወዲህ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ከነገ ወዲያ ሁለተኛው መርፌ አለ። እዚሁ ነቀምቴ እወጋለሁ። ፈቃድ ስጠይቅ ጥርሴ ነው አልልም።