የሕንጻው የውሃ ተረኛ፦ አቶ ገመዳ ቱሉ (1928–1982 ዓ.ም.)

አቶ ገመዳ ቱሉ ከአባታቸው ከአቶ ቱሉ ሮባና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሚ ዲንቃ ከእንጦጦ ራጉኤል ጀርባ ወረድ ብሎ በሚገኝ መንደር በ1928 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው የመንደሩ ምንጭ በጎን ሲያፈስ ጭቃ እያቦኩ ይደፍኑ እንደነበር፣ ልብሳቸውን በማበላሸታቸውም ይገረፉ እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ወንጌልን የተቀበሉትም እዚያው ነው። በ1946 ዓ.ም. ወደ ከተማ ወርደው ከአንድ ጣሊያናዊ ባለሙያ ዘንድ የቧንቧ ሥራ ተማሩ። ከሙያው ጋር የሰውየውን ቁጣም ወርሰዋል፤ ውሃ እንዳያፈስ ቃጫ ሳይጠመጥም ቧንቧ ያሰረ ሰው ዘመድም ቢሆን አይምሩትም ነበር። በ1955 ዓ.ም. ከወይዘሮ መሠረት ወልደ ሐዋርያት ጋር በጋብቻ ተሳስረው ዓለምንና ጫልቱን ወልደዋል።

በ1968 ዓ.ም. ቤተሰቡ ጉርድ ሾላ፣ በአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከመንግሥት በኪራይ ባገኘው ቤት ገባ። አሥራ ሁለት አባወራ በአንድ የውሃ መስመር የሚጠቀምበት ሕንጻ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት፣ ውሃ ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ሳለ፣ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ማንም እንዳይቀር ስለተባለ ሁሉም በሩን ቆልፎ ወጣ። ስብሰባው እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ቆየ። ሲመለሱ ውሃው መጥቶ በደረጃው ይወርዳል። ከአቶ ገመዳ ቤት ተከፍቶ ከተተወ ቧንቧ የፈሰሰው ውሃ ከታች ባለው ፎቅ የሚኖሩትን የወይዘሮ ከይሪያ ሙዘይንን ኮርኒስ አውርዶ አልጋውንም ዱቄቱንም አበላሽቶ ነበር።

ለምርመራ የመጣው መሐንዲስ ግድግዳውን መታ መታ አደረገና፣ ውሃ ዳግመኛ ከገባበት ሕንጻው እንዲለቀቅ እንደሚያዝ ተናገረ። ነዋሪው ደግሞ ሌላ መጠጊያ አልነበረውም። ማን ከፍቶ እንደሄደ ሲጠየቅ አቶ ገመዳ “እኔ ነኝ” አሉ። የቧንቧ ሠራተኛው ቧንቧ ሳይዘጋ ወጣ ተብሎ እስከ ኮተቤ ድረስ ተሳቀባቸው። የወይዘሮ ከይሪያን ኮርኒስ ስድስት እሑድ ፈጅተው በእጃቸው ሠሩ።

ከዚያ ወዲህ ሕንጻውን እንደ ልጃቸው ይዘውት ኖሩ። በየስድስት ወሩ ከቤት ቤት እየዞሩ ያለቀውን የቧንቧ ላስቲክ ይቀይሩ ነበር። በየእቃ ማጠቢያው ሥር ደረቅ ጋዜጣ አንጥፈው ይሄዱና በማግስቱ መጥተው በእጃቸው ይዳብሳሉ፤ ጋዜጣው ከረጠበ የቤቱ ባለቤት ወዮለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ይታያል፤ ዘግተነዋል እየተባለ ቆጣሪው ከዞረ፣ የሚያፈሰው ቦታ እስኪገኝ አቶ ገመዳ ምሳ አይበሉም። የሕንጻው ውሃ የሚዘጋበት ዋናው መዝጊያ ዘንድም በየስብሰባው አንድ ሰው ተረኛ ሆኖ እንዲቀር ጠየቁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከስብሰባ መቅረት የለም ቢሏቸው፣ “ጓድ ሊቀመንበር፣ ውሃ እኮ ስብሰባ አለ ብሎ አይቀርም” አሉ። ሊቀመንበሩ ሳቅ አምልጧቸው ፈቀዱ። እነሆ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ አንድ ጠብታ አልወረደም፤ አንድም አባወራ ቤቱን አልለቀቀም።

አሁን እውነቱን ልናገር። ያን ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ውሃ ሳጣ እንደተከፈተ ትቼው የወጣሁት እኔ፣ አብሬያቸው እኖር የነበርኩት የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ኃይሉ ነኝ። በዚያ ዓመት አንድ ወጣት የመንግሥት ንብረት አበላሸ ቢባል ምን ይገጥመው እንደነበር የምታውቁት ነው። ጋሼ ገመዳም ያውቁ ነበርና ቀደሙኝ። ለእኔ ያሉኝ “ውሃ የሌለው ቧንቧም ይዘጋል” ብቻ ነው። አፍሬ ነበር፤ ዛሬም አፍራለሁ።

አቶ ገመዳ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ መሠረት፣ ልጆቻቸው ዓለምና ጫልቱ፣ እኔም እንደ ልጅ ያሳደጉኝ፣ በሐዘን ብንሆንም እንዲህ ያለ ሰው ስለተሰጠን እናመሰግናለን።

በመጨረሻው ሳምንት “ስትቀብሩኝ ሕንጻውን ባዶውን ጥላችሁ እንዳትወጡ” ብለው ነበር። ውሃ ደግሞ ከጠፋ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ለወይዘሮ ከይሪያ፣ እርስዎ ለቀብሩ ይሂዱ፣ ሕንጻውን ልጠብቅ እኔ እቀመጣለሁ አልኳቸው።

“አንተ? ቧንቧ ከፍቶ የሚሄድ ሰው ነው የሚጠብቅልኝ?” አሉኝ።

እንዴት አወቁ አልኳቸው። “ገመዳ ቧንቧ ከፍቶ እንደማይወጣ ያጣሁት መሰለህ? የዚያኑ ዕለት ነው ፊትህን አይቼ ያወቅሁት። እሱ ዝም ሲል እኔም ዝም አልኩ። ወንድሜ ነው፤ እኔ እጠብቅለታለሁ። አንተ ሂድና ታሪኩን አንብብለት።”

ይህን ሳነብ ወይዘሮ ከይሪያ ከዋናው መዝጊያ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጋሼ ገመዳ፣ ያገለገሉት ጌታ ነፍስዎን በደስታው ይቀበልልን። ጋሼ፣ አይስጉ፤ ቤቱ ሰው አለው።