የእማማ የሺሃረግ ልጅ፣ ተዋናይት ሮዛሊንድ
(1949 – 2018)

ወይዘሮ ሮዛሊንድ ክራብትሪ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ፣ ከአባታቸው ከአቶ ኧርነስት ክራብትሪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶሪስ፣ በእንግሊዝ አገር ግሪምስቢ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1949 ተወለዱ። አባታቸው በዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ጨርሰው በ1967 ለንደን የቲያትር ትምህርት ቤት ገቡ። አባታቸው “ይኼ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?” ብለው ነበር ይባላል። ሥራ መሆኑን በ1974 አዩት። ወይዘሮ ሮዛሊንድ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በሚታይ የሆስፒታል ድራማ ላይ ነርስ ሆነው ዘጠኝ ዓመት ሠሩ። በሽተኛ በሞተ ቁጥር ያለቅሱ ነበር፤ እሳቸው ሲያለቅሱ አገሩ አብሮ ያለቅሳል። ገበያ ወጥተው በሰላም መመለስ አይችሉም፤ ያያቸው ሁሉ “ሲስተር፣ እስቲ ይቺን ጉልበቴን እዩልኝ” ይላቸው ነበር። ቀልድ አይደለም፣ የእውነት ነው።

በ1985 ወደ ሎስ አንጀለስ መጡ። ከኤርፖርት የጫኗቸው ታክሲ ነጂ አቶ እንዳሻው ዘለቀ ነበሩ፤ ሆሊዉድ አድርሱኝ ቢባሉ ሎንግ ቢች ወሰዷቸው። መንገድ ጠፍቶባቸው ይሁን ሆን ብለው፣ እስከ ዛሬ አልተናገሩም። ወይዘሮ ሮዛሊንድ ተጠምቀው በ1987 ከአቶ እንዳሻው ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ በ1989 ልጃቸው ሶሊያና ተወለደች። ሆሊዉድ ግን እንደ ለንደን አላቀፋቸውም። አንድ ቀን የሆቴል እንግዳ፣ ሌላ ቀን ጎረቤት፣ አንዴም ሬሳ ሆነው ሠሩ። ቤተሰቡ ሬሳዋንም ተሰብስቦ አጨብጭቦ አይቷል።

በ1996 የአቶ እንዳሻው እናት፣ እማማ የሺሃረግ፣ ከአገር ቤት መጥተው አብረዋቸው መኖር ጀመሩ። አማትና ምራት በአንድ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ኖሩ። ወይዘሮ ሮዛሊንድ አማርኛውን የተማሩት ከእሳቸው በመሆኑ ንግግራቸው የባልቴት ነበር፤ ለአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ “እንደምን አደሩ” ይሉ ነበር። አማታቸውን “እናቴ” እንጂ ሌላ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም።

በ2011 ለሃያ ስድስት ዓመት የጠበቁት መጣ። በአንድ ትልቅ ተከታታይ ድራማ ላይ የቤቱ አያት ሆነው እንዲሠሩ ተፈራረሙ። ፀጉራቸውን ያለ ፈቃድ እንዳይነኩ ኮንትራቱ ያዛል። ቀረጻው ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው እማማ የሺሃረግ ዐረፉ።

ለቅሶ ቤቱ ሞላ። ወይዘሮ ሮዛሊንድ ከሐዘንተኞቹ መካከል ቢቀመጡም አንዲት እንባ ጠብ አላላቸውም። በሰፈሩ የተከበሩት እትዬ ዓይናለም “ለደሞዝ ሲሆን ታለቅሳለች፤ ለአማቷ ግን ዓይኗ ደረቀ” አሉ። ፈረንጅ አይሰማም ብለው ነው፤ ፈረንጇ ግን አንድም ቃል አላመለጣቸውም። ለአቶ እንዳሻው እህት ለአበባ በጆሮዋ “እንባ እንጀራዬ ነው፤ እዚህ ባለቅስ ማን ያምነኛል? እኔስ ራሴን አምናለሁ?” አሏት። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሟቿ ልጅ ተብለው መቆጠር።

እማማ የሺሃረግ የገዛ እናታቸው ሲሞቱ ፀጉራቸውን እንደተላጩ አጫውተዋቸው ነበር። ይህ ልማድ አገር ቤትም እየቀረ መሆኑን፣ እዚህ በሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር በፌርፋክስ ደግሞ ያደረገው ሰው እንደሌለ የነገራቸው የለም። በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ተነሥተው አቶ ኑሩ ፀጉር ቤት ገቡ። አቶ ኑሩ ደንግጠው “እትዬ ሮዛ፣ ፊልሙስ?” ቢሏቸው፣ “ይላጩኝ። የሞተችው እናቴ ናት” አሉ።

ተላጭተው ገቡ። ቀድመው የተነሡት እትዬ ዓይናለም ናቸው። አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው “እግዜር ያጥናሽ፣ እናትሽን ነው የቀበርሽው” እያሉ አለቀሱ። ያን ጊዜ የወይዘሮ ሮዛሊንድም እንባ መጣ፤ ማንም አልከፈላቸውም።

ፊልም ሠሪዎቹ ዊግ ሞከሩ፤ አልሆነም፤ ቦታውን ለሌላ ሰጡት። ኤጀንታቸውም ተቆጥቶ ተዋቸው። ወይዘሮ ሮዛሊንድ ሲጠየቁ “ሥራ ሌላ ይገኛል” ይሉ ነበር። እንዲያ ያለ ሥራ ግን ዳግመኛ አልተገኘም፣ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በቀሩት ዓመታት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን መዝሙርና ድራማ አስተማሩ፣ የሰው ለቅሶ አንድም አላስታጎሉም። እኛም በቴሌቪዥኑ ኮርተን በዚህ ደግሞ የበለጠ ኮራን።

በ2017 ካንሰር እንዳለባቸው ታውቆ ሲታከሙ ቆይተው ኦክቶበር 14 ቀን 2018 በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ወንድማቸው ሚስተር ጄፍሪ አስከሬኑ ወደ እንግሊዝ ይላክ እንደሆነ ደውለው ጠይቀው ነበር። መልሱን ራሳቸው ወይዘሮ ሮዛሊንድ አስቀድመው ሰጥተዋል፤ ዛሬ ከእማማ የሺሃረግ አጠገብ ያርፋሉ።

ባለቤታቸው አቶ እንዳሻው ዘለቀ፣ ልጃቸው ሶሊያና እንዳሻው፣ የባለቤታቸው እህት አበባ ዘለቀና ወንድማቸው ሚስተር ጄፍሪ ክራብትሪ በሐዘን ላይ ናቸው። ወይዘሮ ሮዛሊንድ የሥጋ እህት የላቸውም። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ግን እትዬ ዓይናለም ደውለው “እህት የላትም ብላችሁ እንዳታሳትሙ፤ እኔን ጻፉ” አሉ። ስለዚህ፦ እህታቸው ወይዘሮ ዓይናለም አድማሱ።

የሁላችን አባት ልጁን ወለተ ሥላሴን በደስታ ይቀበልልን፤ ከእናቷም ጋር ያገናኝልን። አሜን።