ከክምርህ ሥር ያለችው ሚስማር

ወንድም ዓለም፣ አያ ሲሳይ፣

አንተ ከተለየኸን ክረምቱ ዞሮ ሊገባ ነው። ከመንደራችን በላይ ያለው አፋፍ ደመና ሲቋጥር እማዬ አሁንም በር ትዘጋለች። ነጎድጓድ ከሰማች የያዘችውን ትጥላለች። እኔ ሰቆጣ ትምህርቴን ቀጥያለሁ፤ የምመጣው ለእረፍት ብቻ ነው። ስመጣ በአንተ አልጋ ላይ እተኛለሁ፤ እግሬ ጫፉን አልፎ ይንጠለጠላል። ብታይ ትስቅብኝ ነበር።

የምጽፍልህ ግን ስለ አዲሱ የመሬት መለኪያ መሣሪያ ነው። መጣልህ። በስልክህ ሥዕሉን እያሳየኸኝ «ይኼን ቢሰጡን እኮ» ትለኝ የነበረው፣ እሱ። ከቡሄ ዳቦ የማይበልጥ ክብ ነገር ነው፤ በዘንግ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። የአንተ ባትሪው ብቻ አህያ ይፈልግ ነበር። የአንተ ከሳተላይቶቹ ጋር እስኪግባባ ግማሽ ቀን አፋፉ ላይ ቆመህ ትጠብቀው ነበር። ይኼኛው የአሜሪካውንም፣ የራሺያውንም፣ የቻይናውንም ሳተላይት ባንድ ጊዜ ይሰማል፤ ከዛፍ ሥር እንኳ አይጠፋበትም። ዘንጉን ቀጥ አድርጎ መያዝም ቀርቷል። አንተ የውሃ ልኩን አረፋ መሐል ለማቆም ትንፋሽህን ስትይዝ፣ እኔን ዝንብ እንዳላባርር በዓይንህ ስትቆጣኝ አስታውሳለሁ። እነዚህ አሁን ይዘውት የመጡት ሰዎች ግን ዘንጉን እንደ ከዘራ አዘንብለው ይደገፉታል፤ ማዘንበሉን መሣሪያው ራሱ ያሰላዋል። ስለዚህ በአንድ እጃቸው እየለኩ በሌላው ስልክ ያወራሉ።

ይዞት የመጣው መሐንዲስ ደግሞ መሣሪያውን እሱ የወለደው ይመስላል። ገበሬውን ሰብስቦ «ይኼ የጣት ስፋት እንኳ አይስትም» አለ። ቆይቶም ደገመው። የወረዳው መሬት ቢሮ አለቃህም አጠገቡ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። አለቃህን ታውቀዋለህ፤ በቀብርህ ዕለት «የወረዳችን ዓይን ጠፋ» ብሎ ከእማዬ በላይ የጮኸው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። አፋፉን ለመውጣት ሲያለከልክ ሳየው አላዘንኩለትም።

መጀመሪያ የፈለጉት ሚስማርህን ነበር። ልኬት ሁሉ የሚነሣባትን፣ በሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረችውን የናስ ሚስማር። አጧት። እንዴት አያጧት! መብረቁ አንተን የመታህ እሷ ላይ መሣሪያህን ተክለህ ስትጠብቅ ነው። እማዬ የመጀመሪያውን ድንጋይ እዚያው፣ ከወደቅክበት ላይ አኖረች። ከዚያ ወዲህ ወደ ገበያ የሚያልፈው ሁሉ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ አንድ አንድ ድንጋይ እየጣለ «ነፍስ ይማር» ይላል። አንተን የማያውቁ የጎረቤት ወረዳ፣ የዝቋላ ሰዎች እንኳ ይጥላሉ። ክምርህ ደረቴ ድረስ ደርሷል። መሐንዲሱ «እዚህ አካባቢ መሆን ነበረባት» እያለ ሲዞር ቆየ፤ ሲደክመው የጫማውን ክር ለማሰር እግሩን ክምርህ ላይ ጫነ። ያን ጊዜ የያዝኩትን ምላስ አንተ ነህ የምታውቀው።

መሣሪያው ጥንድ ነው፤ አንዱ ቆሞ ይቀራል፣ ሌላው ይዞራል። በኋላ «ችግር የለም» አለና የሚቆመውን ካገኘው ቦታ ላይ ተከለው፤ ያለበትን ራሱ እንዲገምት ተወው። አንተ ይኼን አስተምረኸኛል፤ የሚዞረው የሚለካው ከቆመው ተነሥቶ ነው፤ የቆመው የት እንዳለ ካላወቀ ዟሪው በጣት ስፋት ቢለካም አብሮት ይስታል። እንዳልከው ሆነ። በሣልስቱ ወረቀቱ ሲነበብ የመንደሩ ድንበር ሁሉ ከሰው ቁመት በላይ ወደ ምሥራቅ ተንሸራተተ። የእትዬ ዘነቡ የገብስ ማሳ ዳር ለአባ ካሳ፣ የአባ ካሳ አውድማ ደግሞ ለታች ሰፈር ሆነ።

አባ ካሳ መጀመሪያ ሳቁ። «ምነው ጃል፣ እኛ ስንተኛ አገሩ ተነሥቶ ሄደ እንዴ?» አሉ። እትዬ ዘነቡ ግን አልሳቀችም። ከማሳዋ ዳር ቆማ «እስቲ አንዲት ዛላ ንኩና እንተያይ!» አለች። የታች ሰፈር ልጆች አውድማውን ሊረከቡ ዱላ ይዘው ወጡ። አብረው ደቦ የወጡ ሰዎች እርስ በርስ ጀርባ ተሰጣጡ።

መሐንዲሱ ያን ሁሉ አይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የኛ አይሳሳትም። የተሳሳተው የድሮው ልኬት ነው። በአሮጌ ዕቃ የለካን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?» አለ። አለቃህም፣ ያ አልቃሽ፣ «እውነት ነው፣ ልጁ ችኩል ነበር» ብሎ ጨመረበት። አንተን ችኩል! ግማሽ ቀን በነፋስ ቆሞ አረፋ የሚጠብቅ ሰው ችኩል ከሆነ እሱ ምን ሊባል ነው?

«ሚስማሯ ከወንድሜ ክምር ሥር ናት» አልኩ።

መሐንዲሱ ዞሮ «ታዲያ እስከ ዛሬ አፍህን ምን ዘጋው?» አለኝ።

«ማን ጠየቀኝ?» አልኩት። ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ዝም ያልኩት ክምርህን እንዳይነኩት ነው። ስምህን ሲነኩት ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ስምህን መረጥኩ፤ እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ።

ወዲያው አካፋ መጣ። እማዬ ከየት እንደ ሰማች አላውቅም፣ ከእኛ ቀድማ አፋፉ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ፈራሁ፤ አታስነካም ብዬ ነበር። ለራሷ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ አንድ ነገር አጉተመተመች፤ ከዚያ በአማርኛ እንዲህ አለች፦ «ልጄ፣ ይኼ በአካፋ የተከመረ አይደለም። አንድ በአንድ ነው የተጣለው፤ አንድ በአንድ ይነሣል። የሚያነሣ ሁሉ ነፍስ ይማር ይበል። ቃሉን ከአፌ አላወጣም የሚል ሰው አይንካብኝ።»

መሐንዲሱ አለቃህን አየ። አለቃህ መሬት አየ። አባ ካሳ በዱላቸው ወደ ክምሩ እያመለከቱ «ጀምሩዋ፣ ጌቶቼ» አሏቸው።

አያ ሲሳይ፣ ያን ቀን ኖረህ ብታይ! አለቃህ ኮቱን አውልቆ፣ በሆዱ ላይ ድንጋይ አቅፎ፣ «ነፍስ ይማር… ነፍስ ይማር…» ሲል፣ ድምፁ ሲያንስ እትዬ ዘነቡ «አልሰማንም!» ስትለው። መሐንዲሱ አንዱን ድንጋይ ነፍስ ይማሩን በልቡ ብቻ ብሎ ያለፈ መሰለው፤ እማዬ አስመለሰችው። ድንጋዩን እንደገና አስቀምጦ እንደገና አነሣው። እኔም አነሣሁ። የእማዬን የመጀመሪያዋን ድንጋይ እኔው ነኝ ያነሣኋት። ሚስማሯ ከሥሯ እንደነበረች አለች፤ በጣቴ አፈሩን ጠረግኩላት።

የሚቆመውን መሣሪያ ሚስማሯ ላይ ተከሉት፤ ያለችበትን ቦታ ቁጥር አንተ ከጻፍከው ወረቀት አስገቡለት። ድንበሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እትዬ ዘነቡም ወደ ገብሷ። መሐንዲሱ ወረቀትህን አገላብጦ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ስንዝር ስቷል» አለ። አባ ካሳ «እኔ ስንዝሩን ለሲሳይ መርቄዋለሁ» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት።

እኔ ግን እዚያ ላይ መሳቅ አልቻልኩም። መሣሪያው ሥራውን ሲጨርስ አየሁት። አለቃህ ኮቱን ለብሶ ቁልፉን ሳይጨርስ ለኪዎቹ «ሳተላይቱ ተይዟል» አሉ፤ በቃ። ደመናው ገና ከተከዜ ማዶ ነበር። አንተ ይኼ በእጅህ ቢኖር ኖሮ ያን ቀን ዝናቡ ሳይደርስ ቤት ገብተህ እግርህን ታሞቅ ነበር። መሐንዲሱንም አለቃህንም ንቄ ጨርሻለሁ። ይኼን ክብ ነገር ግን ልንቀው ብሞክር አልቻልኩም፤ ለምን ዘገየህ እያልኩ አፈጠጥኩበት።

ክምርህን መልሰን ሠርተነዋል፤ ከሚስማሯ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አድርገን። እማዬ ድንጋይዋን ራሷ አኖረች። ከእንግዲህ ወደ ሰቆጣ ስወርድም ስመለስም ድንጋይ ሳልጥል አላልፍም። ሽማግሌ ሆኜ በልጅ ትከሻ ተደግፌ ባልፍም እጥላለሁ። ሚስማርህን ግን አልሸፍንብህም፤ አንድ ቀን እዚያ ላይ መሣሪያ ተክሎ የሚቆም ሌላ ልጅ አለ፣ እሱም ቶሎ ወደ ቤቱ ይግባ።

ታናሽ ወንድምህ