እናቴ ከጎኑ ስትሰግድ

ይድረስ ጅማ ላሉት አክስቴ፣ ለእትዬ ፀጋ። የጅማ አየር እንዴት ይዞዎታል? እኛስ የጉና ብርድ ቢጠናብንም ገብሱ ገብቶ፣ ድንቹ ተቆፍሮ ደህና ነን።

የአባቴን በሬ ሸጦ ጠጥቶ የጠፋው ወንድሜ አዲስዓለም ተመልሷል። ንስሐም ገብቶ መምሬ ገብረየሱስ ስግደት አዘዙት። ደስ ብሎኛል፤ ለምን አይለኝ! ግን እናቴ፣ ያቺ «ወይ ጉልበቴ» እያለች ጠዋት ጠዋት ደግፌ የማነሣት፣ አሁን ከጎኑ ሆና አብራው ትሰግዳለች።

«እማዬ፣ ጥፋቱ የሱ፣ ጉልበቱ ያንቺ?» ብላት፣

«የወደቀው ልጄ ሲነሣ ጉልበቴም ይነሣል፤ ይልቅ ቁርበቱን አንጥፊልን» አለችኝ። አነጠፍኩላቸው።

ሲብስብኝ መምሬ ዘንድ ሄጄ «ለኔም ስግደት ይዘዙልኝ» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ?» ብለው ሳቁ።

«ምንም። እናቴ አብራኝ ትሰግድ እንደሆን ልይ ብዬ ነው።»

ሳቃቸውን ተዉት። «ልጄ፣ የእግዚአብሔር ምሕረት ለወንድምሽ ስለደረሰ ላንቺ አይጎድልም» አሉኝ። እሱስ እውነት ነው።

እናቴ ጉንጭዎን ትስማለች። ደብዳቤ የሚያነብላት አሁን አዲስዓለም ሆኗል። ስለዚህ መልስ ሲጽፉ፣ አደራዎን፣ በሰላምታው ላይ የኔን ስም ያስቀድሙልኝ። ከሱ አፍ ትስማው።

በጤና ያገናኘን።

የእህትዎ ልጅ ዓለሚቱ፣ ከደብረ ታቦር