ሚሩን ያበላሿት ሰዎች

ማክሰኞ፣ መስከረም 6 ቀን 2007

አበላሿት። ሁለት ዓመት ጠብቄ፣ ጓደኛዬ ሐያት ከደሴ በፍላሽ ይዛልኝ መጥታ፣ ዛሬ እነሱ ቤት ላፕቶፗ ላይ ከሁለተኛው ሲዝን አራት ክፍል አየሁ። ሚሩ እኮ በመጀመሪያው ሲዝን ማንም የማያውቀውን የድንጋይ ላይ ፊደል የምታነብ ልጅ ነበረች። ለመንደሩ ጌታ ልጅ ሊድሯት ሲሉ ጥላቸው ወጥታ ተራራው ላይ ልትማር የሄደች። አሁን ምን ትሠራለች? ፍል ውኃ ትታጠባለች። ለበዓል ልብስ ትመርጣለች። አንድ ድንጋይ እንኳ አላነበበችም። ስዕሉም ወርዷል፤ ሰዎቹ እግራቸው ሳይንቀሳቀስ ይሄዳሉ።

ሐያት «አኒሜ ነው እኮ፣ ምን ያንገበግብሻል?» አለችኝ። ለሷ ቀላል ነው። አባቷ ዩኒቨርሲቲ ሂጂ ብለው ሻንጣ ገዝተውላታል። እኔም ጅማ ደርሶኛል፤ ግን እሑድ ሽማግሌ ይመጣል።

ረቡዕ፣ መስከረም 7

ከዙህር ሶላት በኋላ አባየ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ጠሩኝ። «መጣች አሉ ያች ደረሳ። የት ደረሰች?»

ሚሩን ደረሳ ነው የሚሏት፣ እንደ ቁርኣን ተማሪ። ስዕሉን አያዩም፣ ሐራም ነው ይላሉ። ወሬውን ግን ይወዳሉ። የመጀመሪያውን ሲዝን ከሥር የሚወጣውን እንግሊዝኛ እየተረጎምኩ አንድ ክረምት ሙሉ ነገርኳቸው። ከቤት የወጣችበትን ቀን «እስቲ ድገሚልኝ» ብለው ሁለቴ አስነገሩኝ። እሳቸውም በልጅነታቸው ሊቀሩ፣ ቁርኣን ሊማሩ ብለው ስንቅ ሳይዙ ከቤታቸው የወጡ ናቸው። በማግስቱ እኔን ሊያገባ የወግዲው ጨርቅ ነጋዴ የላካቸውን ሽማግሌዎች «ትፈተን፣ ከዚያ እናያለን» ብለው መለሷቸው። እሑድ የሚመጡትም የሱው ሽማግሌዎች ናቸው።

ስለ ጋብቻው ከኔ ጋር አንድም ቀን አላወሩም። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና አባየ የምናወራው ስለ ሚሩ ብቻ ነው።

ገና አላለቀም አልኳቸው።

ሐሙስ፣ መስከረም 8

አሥራ ሁለቱንም ክፍል ጨረስኩ። ምን ሆነ?

– ለዚያው ለጌታው ልጅ ተዳረች።
– ትምህርት ቤቱ ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው አልተነገረም።
– ፊደሉን ረሳችው። «ያኔ ልጅ ነበርኩ» ብላ ትስቃለች።

ስትስቅ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ይኼን የጻፈውን ሰውዬ እጁን ቁርጥማት ይያዘው። አሁን ለአባየ ምን ብዬ ልንገራቸው? «አየሽ፣ እሷም አገባች» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

ዓርብ፣ መስከረም 9

ከጁምዓ ሲመለሱ ነገርኳቸው። የራሴን። ሚሩ ሰባት ዓመት ተምራ ወደ መንደሯ ተመለሰች፣ የድንጋዩን ጽሑፍ ለሰው ሁሉ አነበበችላቸው፣ የጌታው ልጅም እሷ ሥር ሊማር ቁጭ አለ አልኩ። አሳምሬ ነው የነገርኳቸው። እውነቱን ለመናገር ከሰውየው እበልጣለሁ።

አባየ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። «ማሻአላህ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እንዲህ ብሎ ነው የጻፈው?» አሉኝ።

አዎ አልኩ።

«ወላሂ በይ።»

 ገበያ ውስጥ ስንቱ ለሽንኩርት ወላሂ ይላል። እኔ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ማለት አቃተኝ። ተነስተው ለሶላት ሊታጠቡ፣ ዉዱእ ሊያደርጉ ወጡ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ምሳ አቀረብኩ፣ በሉ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ።  እውነተኛውን ልነግራቸው ጀመርኩ፣ እንዳገባች፣ እንደረሳች። በእጃቸው አስቆሙኝ።

ሐያት «በካርቱን ተኮራረፋችሁ?» ብላ ሳቀችብኝ። አልገባትም። አባየ ሐዲስ፣ ከነቢዩ ሲወርድ የመጣውን ቃል፣ የሚያቀሩ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ያስተላለፈው ወሬ አይወሰድም፣ በኋላ እውነት ቢናገር እንኳ። ይኼንን ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እያወቅሁ ዋሸኋቸው። ነገ ደግሞ እሑድ ነው፤ በገዛ አፌ ራሴን የዳርኩ ይመስለኛል።

እሑድ፣ መስከረም 11

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ጓዳ ሆኜ አዳመጥኩ። አባየ ብዙም አላስቀመጧቸውም። «ልጅቱ ጅማ ደርሷታል፣ ትሄዳለች። ለሱም አላህ የተሻለች ይስጠው» አሉ።

 ሰዎቹ እንደወጡ ገብቼ የአባየን ጉልበት ሳምኩ። ራሴን ዳሰሱኝ። «ያች ልጅ አገባችም አላገባችም አንቺን እልክሽ ነበር» አሉ። «ዕውቀት ፍለጋ ሐቅ ነው። ለሱ ተረት አያስፈልገውም ነበር።»

ምናለ ረቡዕ ዕለት ቢነግሩኝ። ምናለ እኔስ ብጠይቃቸው።

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። «አውፍ ብየሻለሁ» አሉ። «ግን ልጄ፣ ከእንግዲህ ካንቺ ወሬ አልወስድም።» ሳይቆጡ ነው ያሉት፣ ለተማሪ ሕግ እንደሚያስረዱ።

ማክሰኞ በደሴ በኩል ወደ ጅማ እሄዳለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከጅማ ደውዬ ደህና ነኝ ስላቸው ያምኑኝ እንደሆነ አላውቅም።